ድምፅህን ከመዲና የደበቅሁበት ገመድ

ሰይድዬ ልጄ፣

መርዶህ የመጣው ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ያጠብሁትን አንሶላ እያሰጣሁ ሳለ የቅሬያችን ሽማግሎች ተከታትለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። አምስት ነበሩ። እነዚያ አምስት ሰዎች አብረው የሚሄዱት ሰው ሲሞት ብቻ ነው። አንዳቸውም አያወሩም። እኔም በልቤ «ወደ እትዬ ዘነቡ ቤት ነው የሚሄዱት» አልሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲያ እንዲሆን ተመኘሁ። ጎረቤታችን ዘነቡ አምስት ወንዶች ልጆች አሏት፤ አንዱ እንዳንተው ግንባር ነበር። እኔ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ። የእሷን በር አልፈው ወደ እኔ ሲዞሩ አንሶላውን ፊቴ ላይ ሳብሁት። ካላዩኝ የማይነግሩኝ መስሎኝ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርሁት ፊደል ነው። እጄ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቃለህ። አንዱን ገጽ ለመሙላት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ አስጠግኛለሁ። አልጋህን አላነሳሁትም። የእትዬ ዘነቡ ልጅ በሰላም ተመለሰ። እልልታው ሲሰማ በሬን ዘጋሁ። በማግስቱ ዘነቡ ዳቦ ይዛልኝ መጣች፤ ልጇን ግን ይዛ አልመጣችም፤ ሳየው እንዳልከፋ ብላ ነው። ዳቦውን አመስግኜ ተቀበልኋት። ከሄደች በኋላ ሳልቀምሰው ለዶሮዎቹ ፈረፈርሁት። ወንጀሌን ካንተ ሌላ ለማን እናገራለሁ? ብቻ ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ቅናቴ በዘነቡ ላይ አይደለም፤ በመዲና ላይ ነው።

መዲና በለቅሶህ ሁለተኛ ቀን ከኮምቦልቻ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። እኔ እንባዬ ደርቆ ተቀምጫለሁ፤ እሷ መሐል ቤት ቆማ «ሰይድዬ! ሰይድዬ!» አለች። እንዲህ ብሎ የሚጠራህ ከእኔ በቀር ማንም ያለ አይመስለኝም ነበር። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ጠጋ ብላ፣ «ማን ናት ይቺ?» አለችኝ። «አብራው ፋብሪካ የምትሠራ ናት» አልኋት። ማን እንደሆነች ግን አሳምሬ አውቃለሁ። ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄድህ በፊት፣ ደጋን ከተማ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ሽማግሌ እንድልክልህ ስንት ጊዜ ለመንኸኝ! «ስትመለስ ይደርሳል» ያልሁህ እኔ ነኝ። ልኬልህ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ከጎኔ ትቀመጥ ነበር፤ ሰውም እንደ ባለ ኀዘን ያጽናናት ነበር። የማንም ሳትሆን በሩ ጥግ አልቅሳ ሄደች።

በአርባህ ሰደቃ ዕለት ተመልሳ መጣች። ሰው ሲበላ ሲጠጣ ዋለ፣ ዱዓ ተደረገ። መዲና ቀስ ብላ ወደ እኔ ቀረበችና በመሐረብ የጠቀለለችውን ካሴት አሳየችኝ።

«ሰይድ በፈቃድ ለመጣ ጓደኛው ሰጥቶ የላከልኝ ነው» አለች። «መርዶው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሳምንት ነው የደረሰኝ። አንዱ ገጽ የእርስዎ ነው፣ እማማ፤ ሌላው የእኔ። በሰው ቴፕ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ አብረን እንስማው ብዬ ነው።»

ሰይድዬ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የሞተ ልጅ ድምፅ ለስንቷ እናት ይመጣላታል? እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ መላክህን። እናትህን ለእሷ በላክኸው ካሴት ጀርባ ላይ አደረግሃት አልሁ። አንድ ጊዜም ቀድማ ሰምታሃለች።

«እንግዳው ይሸኝና እንሰማዋለን» አልኋት። ሳህን ልታጥብ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቴፕህ መደርደሪያው ላይ እንደተውኸው ነበር። የራሱ ድምፅ ማውጫ ስለተቃጠለ በጣውላ ሣጥን የሠራሃትን ስፒከር በገመድ አያይዘህበታል። ያ ገመድ ከሌለ ቴፑ ዲዳ ነው። ይህን ያህሉን አውቃለሁ። ገመዱን ጨብጬ በኃይል ሳብሁት። ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ፣ ጃኩ፣ ተጣሞ ወጣ፤ ሽፋኑ ተሰነጠቀ፤ ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ተበጠሱ። መደርደሪያው ላይ መልሼ ጣልሁት።

መዲና እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ገባች። «ተበላሽቷል» አልኋት። ገመዱን አየችው። እኔንም አየችኝ። ከዚያ ካሴቱን ከመሐረቧ ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ሲሠራ ይሰሙታል» ብላ መኪና እንዳያመልጣት ወጣች። እኔ ብሆን ኖሮ አልሰጣትም ነበር። ወላሂ አልሰጣትም።

ያን ሰሞን ገመዱን ፋብሪካ ሳትገባ ቴፕ ትጠግንበት ወደነበረው ፒያሳ ያለው ሱቅ ልወስደው ተነስቼ ነበር። መንገድ ላይ ተመለስሁ። ጓደኞችህ ጠግነው ሲሞክሩት ድምፅህን ከእኔ በፊት ሊሰሙት ነው። በእነሱም ቀናሁ። እኔው እጠግነዋለሁ አልሁ። ስትሠራ ስንት ጊዜ አይቼሃለሁ፤ የሽቦውን ልባስ በጥርስህ ትገፍፈው ነበር፤ «ጥርስህን! ጥርስህን!» እያልሁ እጮህብህ ነበር። ከዕቃ ቆርቆሮህ ያን የሚቀልጠውን እርሳስ አወጣሁ። የመበየጃ ብረትህን ስላጣሁት ትልቅ ምስማር በከሰል አጋልሁ። ሁለት ጣቴን አቃጠልሁ።

እኔ የማውቀው ፈትል ነው። ነጠላው ክር ይበጠሳል፤ ሁለቱን አብረህ ስትገምደው ይጠነክራል። ሁለቱንም ሽቦዎች አጥብቄ አብሬ ገመድኋቸውና ከጃኩ ላይ አንድ ላይ በየድኋቸው። እንዲህ ከሆነ ማንም ጎትቶ አይበጥሰውም ብዬ በእጄ ሥራ ኮራሁ። ካሴቱን አስገባሁ። ተጫንሁት። ካሴቱ ይዞራል፣ በመስኮቷ ይታየኛል። አንተ ግን ዝም። አጥፍቼ እንደገና ሞከርሁ። ዝም። ጁምዓ ሞከርሁ፤ ቅዳሜ ሞከርሁ። ያረቢ፣ ልጄ ተቀይሞኛል አልሁ። ለእሷ ተናግሮ ለእኔ እንቢ አለ አልሁ። ተቀምጬ አለቀስሁ፤ በመርዶህ ቀን ያላለቀስሁትን ሁሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ገመዱን በፌስታል ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ወረድሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ሠራተኛው ከፋብሪካው ሲወጣ በሩ ላይ ቆምሁ። ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ እየተሳሳቁ ወጡ። ከመዲና ጓደኞች አንዷ ለካ ለለቅሶው አብራት መጥታ አይታኝ ነበር። «መዲና፣ አማትሽ መጡልሽ!» ብላ ጮኸች። ፊቴን ወዴት ላድርገው? ያን ስም ለቀስተኛው ፊት የከለከልኋት እኔ ነኝ።

ወደ ጥላው ወስጄ፣ «ገመዱን እኔ ነኝ የበጠስሁት» አልኋት።

«ቴፕ ሲበላሽ ገመዱ አይበጠስም እኮ፣ እማማ» አለች። «ያኔውኑ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ካሴቱን ለምን ሰጠሽኝ?»

«ገመድ ይጠገናል ብዬ ነዋ።»

እሑድ ዕረፍቷ ነበር፤ መጣች። ብርሃን ስለሚበዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የጃኩን ሽፋን በቢላ ጫፍ ፈትታ ከፈተችና ሥራዬን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች።

«ይህን ማን ገመደው?»

«እኔ ነኛ።»

«ለጋቢ ቢሆን ግሩም ነበር» አለችና ሳቀች። ተናደድሁ። ከዚያ እኔም ሳቅሁ፤ ካንተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። «ሁለቱ ከተነካኩ ግን ድምፅ የለም። አንዱ መሐል ካለችው ምላስ ላይ፣ ሌላው ከዳር ካለው ጠርዝ ላይ ነው የሚያያዘው። ቶሎ ቶሎ ማጥፋትዎ ጠቀመ እንጂ ቴፑም በተቃጠለ ነበር።»

የገመድሁትን ፈታችው። የተቃጠለውን ቆርጣ ጣለች። ሽቦውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ሳላስበው «ጥርስሽን!» ብዬ ጮኽሁባት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እጇ ያንተን እጅ ይመስላል። ሽቦውን የምትይዝበት፣ እርሳሱ ሲቀልጥ እፍ የምትልበት ሁሉ ያንተ ነው። «መቼ አስተማረሽ?» አልኋት። «ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን» አለችኝ። ልቤ ተቃጠለ። እኔ ያስተማርኸኝ ምንም የለም። ግን በእርሳስ ጭስ ቤቱን አታግማው እያልሁ ከቤት የማስወጣህ ማን ነበር? እኔው ነበርሁ። በተባረርህበት ሄደህ የምታስተምራት አገኘህ።

ገመዱን ሰካችውና ካሴቱን በእኔ ገጽ አስገብታ ተነሳች። «ደጅ እሆናለሁ» አለች። አልከለከልኋትም። ሄደች።

«እማዬ» አልህ።

ሰይድዬ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ጉልበቴን ጠየቅኸኝ። ብርድ እንደሆነ፣ የላክሁልህ ካልሲ እንደደረሰህ ነገርኸኝ። አንድ ጓደኛህ አጠገብህ ሲስል ይሰማል። ቀጥለህ፣ «ይህን ለመዲና የላክሁት ቤትሽ ለመግባት ምክንያት እንድታገኝ ብዬ ነው። ቀናተኛ መሆንሽን አውቃለሁ፣ እማዬ። እሷም ታውቃለች፤ ነግሬአታለሁ። ቢሆንም ትመጣለች። ተቀበያት» አልህ።

ታዲያ እሷ ይህን ሰምታው ነው ያን ዕለት የመጣችው። ቀናተኛ መሆኔን እያወቀች ካሴቱን እጄ ላይ ያኖረችው።

የእኔ ገጽ ሲያበቃ ጠራኋትና እኔ ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ግድግዳው ሥር ቆምሁ። ቃልህ አይለይም፤ ድምፅህ ብቻ ነው የሚመጣው። ለመራቅ ተነስቼ ነበር። በመሐል ሳቅህ። ያ ከሆድህ የሚመጣው ሳቅህ! በእኔ ገጽ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቅህም። እናትህን ትጠይቃለህ፣ ትመክራለህ፤ የምትስቀው ለእሷ ነው። እዚያው ግድግዳው ሥር ቀናሁ። አሁንም ስጽፈው እቀናለሁ።

ከዚያ ወዲህ መዲና በየእሑዱ እየመጣች የየገጻችንን ሰማን። አንዷ ስትሰማ አንዷ ትወጣለች። ባለፈው ወር ግን ሳትቀመጥ፣ ቆማ እጇን ስታፍተለትል አየሁ። ደጋን ለቤተሰቦቿ ሽማግሌ ተልኳል፤ ሰውየው መምህር ነው፣ ደህና ሰው ነው ይላሉ። ፈቃዴን ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። ሰይድዬ፣ መጀመሪያ የመጣብኝን ልንገርህ፤ «ልጄ ዓመት ሳይሞላው?» አልሁ በልቤ። በዚያም ሰውዬ ባንተ ፈንታ ቀናሁ። እሷም አልጨቀጨቀችኝም። በመጨረሻ አንድ ነገር አሰብሁ፤ ያ መምህር የላካቸውን ዓይነት ሽማግሎች እኔ በጊዜው አልላክሁልህም። የከለከልኋትን እንደገና ልከለክላት አልችልም። «አግቢ፣ ልጄ» አልኋት። ልጄ ስላት የመጀመሪያዬ ነው።

አለቀሰች። «ካሴቱን ወደ ባል ቤት መውሰድ አይሆንልኝም» አለች። «እርስዎ ጋ ይሁን። የእኔን ገጽ ግን፣ እማማ...» ቀሪውን አልጨረሰችውም።

«ወላሂ አልሰማውም» አልኋት።

ሠርጓ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነ። አሁን እሑድ እሑድ ብቻዬን ነኝ። የእኔ ገጽ ሲያልቅ ቴፑ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ካሴቱን መገልበጥ የአፍታ ሥራ ነው። የምትስቀው እዚያ ነው። ለእሷ ያልኸው ሁሉ እዚያ ነው። እጄ ይሄዳል፤ ካሴቱን ይነካዋል። እመልሰዋለሁ። ለእሷ ፍቅር ብዬ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ እዚያ ገና አልደረስሁም። ለመሐላዬ ብዬ ነው፤ አንተም ተቀበያት ስላልኸኝ ነው። እስክሞት ድረስ ገጿን እጠብቅላታለሁ። አንተንም እስክሞት ድረስ አልረሳህም፤ በየሶላቴ ስምህን አነሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ወገኖቼ፣ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም፣ ልጄን ሰይድን አላህ እንዲምረው፣ በጀነት እንዲያኖረው ለምኑልኝ። የት እንደተቀበረ የነገረኝ ሰው የለም፤ አፈር ያለበስሁት አይደለም። እናንተ ብቻ ዱዓ አድርጉለት፤ ዱዓው ያለበትን ፈልጎ ያገኘዋል።

እናትህ
ከድጃ