በፊርማዬ የሰረዝኋቸው ጥያቄዎች

ይድረስ ለእታለም እሙዬ፤
ደብረ ብርሃን

እንዴት ሰነበትሽ እታለም? ብርዱ ሲገባ የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ ወይስ እንደ አምናው አጎብጦሻል? ጋሽ ጥዑመልሳን ዓይናቸው ከታከመ ወዲህ ዳዊታቸውን ያለ ሰው እርዳታ ይደግማሉ ብለሽ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ባልሽን እግዜር አይንሣሽ። ልጅሽ ናዝሬትስ ከነልጇ ደኅና ናት? አኬሎስ የደጋውን ብርድ ለመደችው ወይስ አሁንም ሁለት ጋቢ ደርባ ነው የምትተኛው? እኔ በሕይወት አለሁ። ወባ በኅዳር ጎብኝታኝ ሄዳለች፤ ሙቀቱ ግን ጎብኝቶ የሚሄድ አይደለም። ከዚህ ሌላ አካሌን የሚያመኝ ነገር የለም። የሚያመኝን ከታች እጽፍልሻለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «አንድ ወረቀት ለማምጣት ሦስት ወር? ከጋምቤላ በእግርህ ብትመጣ ደርሰህ ነበር» ብለሽኛል። እውነትሽን ነው። የነርሶች ትምህርት ቤቱ አኬሎን የሚቀበላት የዐሥረኛ ክፍል ውጤቷ እስከ ጥር አጋማሽ ከደረሰ ብቻ መሆኑን፣ ካልደረሰ ቦታዋን ለተጠባባቂ እንደሚሰጡባት አልዘነጋሁም። የማን ልጅ እንደ ሆነችም አልረሳሁም። እኔና አባቷ አጓ ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ ልጁን ወደ ደጋ ሲልካት እኔን አምኖ ነው፤ አንቺም ከናዝሬት ሳትለዪ የያዝሻት እኔን ብለሽ ነው። አገኘኸው ወይስ አላገኘኸውም ብለሽ አትቸኩዪብኝ። በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ነገር ከመካከሉ ሲነገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

በመስከረም መጨረሻ ወደ ቢሮው ሄድሁ። የትኛው ቢሮ እንደ ሆነ ስሙ ይቅር፤ ክልል ከሆንን ወዲህ ቢሮዎቹ በዝተዋል፤ ሁሉም አዲስ ማኅተምና አሮጌ ወንበር አላቸው። የትምህርት ቤታችን ሮስተሮች፣ ማለት የየክፍሉ ተማሪ ስምና ውጤት የሰፈረባቸው ሰፋፊ ወረቀቶች፣ በ1983 ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ በሆነ ጊዜ ወደዚያ ቢሮ መጋዘን ተወስደው ነበር። በኋላ ደግሞ ከመቱ በመኪና የመጣው የቀድሞው አውራጃ ፋይል በጆንያ በጆንያ ሆኖ እላያቸው ላይ ተጫነባቸው። እኔ የጠየቅሁት በቃል ነበር፤ አኬሎ አጓ፣ ዐሥረኛ ክፍል፣ 1981። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ከወንበሩ ሳይነሣ «የለም» አለኝ። «ፈልገህ ነው?» ስለው «የሌለ ነገር ይፈለጋል እንዴ አስተማሪ?» ብሎ ተሳለቀብኝ።

በዚያው ሳምንት ገበያ ለውዝ ገዛሁ። ፍሬውን ጨርሼ ወረቀቱን ልጥለው ስል የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ሰባተኛ ክፍል፣ ሒሳብ፣ 1976። ተመልሼ ሴትዮዋ ፊት የነበረውን ጥቅልል ሁሉ ገዛሁና እዚያው ቆሜ ለውዙን ኮፍያዬ ውስጥ እየገለበጥሁ ወረቀቱን ማንበብ ጀመርሁ። ሻጯ ጎረቤቷን ጠርታ «ነይ እይ፤ አስተማሪው ፍሬውን ትቶ ገለባውን ሊበላ ነው» አለቻት። ወረቀቱን ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት በኪሎ ከሚሸጥ ሰው ገዛሁት አለች። ማን እንደ ሆነ ስጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች። የአኬሎ ክፍል ከጥቅልሎቹ መካከል አልነበረም። የሌሎች ልጆቼ ግን ነበር፤ የዘይት እድፍ ያለበት፣ ግማሹ የተቀደደ።

ቁጣዬን ታውቂዋለሽ። ቤቴ ገብቼ አራት ገጽ ማመልከቻ ጻፍሁ። አምና የጸደቀው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላልና እሱን ጠቅሼ፣ ከ1970 እስከ 1983 ያሉት ሮስተሮች በሙሉ፣ ወደ መጋዘኑ የገባውና ከመጋዘኑ የወጣው የተመዘገበበት ሰነድ፣ ቁልፉን በየጊዜው የያዙት ሰዎች ስም፣ ወረቀቱ እንዲሸጥ ማን እንዳዘዘና ማን እንደ ሸጠ፣ በጉዳዩ ላይ የተጻፈ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ሁሉ ይሰጠኝ አልሁ። የአኬሎ ውጤት ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ይህን ያደረግሁት በጅልነት አይደለም እታለም፤ አስቤበት ነው። ጠባብ ጥያቄ በአንድ «የለም» ይዘጋል። ሰፊ ሲሆን ግን አንዱን ቢክዱ ሌላው ላይ ይሰናከላሉ ብዬ ነው።

ኛባንግ የምትባለው የቢሮው ታይፒስት ተቀብላኝ ገጾቹን በአውራ ጣቷ እየገለጠች «አባ፣ ይሄን ሁሉ ቢሰጡህ ቤትህ ይበቃል? አንተስ የት ትተኛለህ?» አለችኝ። አልሳቅሁም። የቢሮው ኃላፊ ጠርዙ ላይ «ተጣርቶ መልስ ይሰጣቸው» ብለው መሩበትና ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዲት ደብዳቤ ደረሰችኝ፤ ጥያቄዎ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ተለይቶና ተወስኖ ይቅረብ ትላለች። እኔም ጥያቄዬ ሰፊ አለመሆኑን በሁለት ገጽ አስረድቼ መልስ ጻፍሁ። አሁን ስጽፍልሽ እንዴት እንደምትስቂ ይታየኛል። ያን ጊዜ ግን አንድም ቃል የሚቀነስ አልመሰለኝም።

በኅዳር የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። ኳች የሚባል ረጅም ኑዌር ነው፤ ትምህርቱን ሱዳን የተማረ፣ አማርኛን ካደገ በኋላ የለመደ፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» የሚል ሰው። ማመልከቻዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ ጊዜ አየውና «አንተ የጠየቅኸው ወረቀት አይደለም። ፍርድ ነው የጠየቅኸው። ፍርድ ቤት እዚያ ማዶ ነው፤ እዚህ መጋዘን ነው» አለኝ። ፈርተህ ነው ስለው ሳቀብኝ። «እኔ ምን እፈራለሁ? ሰፊ ጥያቄ ለእኔ ጥሩ ነው። በጥናት ላይ ነው እላለሁ። ኮሚቴ ይቋቋማል። አንዱ አባል ኢታንግ ወረዳ ነው ያለው፣ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ገና አልተቀጠረም። እንዲህ እያልን አንተም ጡረታ ትወጣለህ፣ እኔም እወጣለሁ» አለ። በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ንግግሩ እንደ ጭቃ ጫማዬ ላይ ተጣበቀ፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ይህን ለአጓ በሰው ላክሁበት፤ ያዝንልኛል ብዬ ነበር። እሱ አሁን አቦቦ ወረዳ ነው የሚሠራው። እሑድ ዕለት በጭነት መኪና መጣ፤ የማመልከቻውን ግልባጭ ሰጠሁት፤ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ «ዘርአብሩክ፣ አንድ ዓሣ ፈልገህ የባሮን ወንዝ ልታደርቅ ተነሣህ» አለኝ። ሌቦቹን ዝም እንበላቸው ወይ ብዬ ጮኽሁበት። አጓ አይጮኽም፤ እሱ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። «ሌቦቹን ያዛቸው፤ ጥሩ ነው። በልጄ ወረቀት ግን አትያዛቸው። እሷን ከንዴትህ ጋር በአንድ ገመድ አሥረሃታል። ገመዱ ሲሳብ የምትወድቀው እሷ ናት» አለኝ። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ሳይበላ ተነሣ።

በማግሥቱ ወደ ኳች ሄጄ አዲስ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የምጠይቀውም የአንዷን ልጅ ውጤት ብቻ ነው አልሁት። አይሆንም አለኝ። አዲስ ከሆነ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል፤ ኃላፊው ካልመሩበት መጋዘኑ አይከፈትም፤ ኃላፊው ደግሞ እስከ ጥምቀት አይመለሱም። የመሩበት ይሄኛው አሮጌው ነው። «ስለዚህ እዚሁ ወረቀት ላይ የማትፈልገውን ሰርዝ፣ በየስርዙ አጠገብ ፈርም፣ በኋላ ቢሮው ሰረዘብኝ እንዳትል» አለኝ። ደንቡ ልክ ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አስፈርም ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው።

እስክሪብቶ ከኪሴ ሳወጣ ቀይ ሆኖ ተገኘ፤ የአስተማሪ ኪስ ነዋ። ኳች አየውና «ለራስህ ስንት ሰጠህ?» አለኝ። ኛባንግ ከታይፗ ኋላ ሳቋን ዋጠች። መጀመሪያ ሌሎቹን ዓመታት ሰረዝሁ፤ ፈረምሁ። ቀጥሎ የአኬሎን ክፍል ሌሎች ልጆች ሰረዝሁ፤ ፈረምሁ። ከዚያ ደብዳቤዎቹን፣ ከዚያ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ። ቁልፉን ማን ያዘ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ማን አዘዘ፣ ማን ሸጠ የሚለው ላይ ደግሞ ተነሥቼ ውጭ ወጥቼ ውሃ ጠጥቼ ተመለስሁ። ኳች አላጣደፈኝም፤ ይህን ልመስክርለት። ሰረዝሁት፤ ፈረምሁ። ከእንግዲህ ያን ፋይል የሚከፍት ሰው ሁሉ መምህር ዘርአብሩክ ይህን ጥያቄ በገዛ ፈቃዱ ትቶታል ብሎ ያነባል። እውነት አይደለም። ፊርማው ግን የእኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ተከፈተ። እንድገባ አልተፈቀደልኝምና ደጁ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሜ ጆንያ ሲጎተት፣ ሰው ሲያስነጥስ፣ ኳች በኑዌርኛ ሲራገም ስሰማ አረፈድሁ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አቧራ በአቧራ ሆኖ ወጣ፤ ሮስተሩን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞታል። ዐሥረኛ «ለ»፣ 1981። «የለም» የተባልሁበት ወረቀት ይሄ ነው። የላይኛውን ጥግ ምስጥ በልቶታል፤ የአኬሎ መስመር ግን አንድም ፊደል አልጎደለበትም። አዎ እታለም፣ ተገኘ። ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስሁም።

ኳች ማስመሪያ አምጥቶ ከአኬሎ መስመር ሥር አስቀመጠ፤ ኛባንግም ያችን መስመር ብቻ በታይፕ ገለበጠች። የቀሩትንም አብረሽ ገልብጪልኝ፣ ወረቀቱ አንዴ ወጥቷል፣ ልጆቹን አውቃቸዋለሁ አልሁ። ኳች ራሱን ነቀነቀ። «የጠየቅኸው አንዷን ነው። የሌሎቹን ሰርዘሃል፣ ፈርመሃል» አለኝ። በማሾፍ አይደለም፤ እሱም ደክሞት ነበር። ሮስተሩ ታጥፎ ወደ ጆንያው ተመለሰ። መጋዘኑ ሲቆለፍ አይቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ይዛልሽ የምትመጣው ሲፈን የምትባል የትምህርት ቤታችን መምህርት ናት፤ ለገና ወደ ዘመዶቿ ስትወጣ በአንቺ በኩል ታልፋለች። አጥፈሽ አትያዢው፤ ማኅተሙ ላይ ጣት አይረፍ። አኬሎን ብቻዋን አትላኪያት፤ አብረሻት ሂጂ። የተቀበለሽን ሰው ስሙን ጠይቂው፤ መቀበሉንም በፊርማ እንዲያረጋግጥልሽ አድርጊ። የሒሳቧ ውጤት 61 ነው፤ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዝቅ አለ ብላ ካኮረፈች፣ ያን ጊዜም 61 ነበር፣ ዛሬም 61 ነው በያት። ለመግባት ግን ይበቃታል፤ አስልቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ ሮስተር መገኘቱ በከተማው ተወርቶ ትናንት ማይ የሚባል የአኬሎ የክፍል ጓደኛ ቤቴ መጣ። ኢታንግ በአንድ የእርዳታ ድርጅት መጋዘን እህል ይሸከማል፤ የትምህርት ማስረጃ ካመጣ ጸሐፊ አድርገው ሊቀጥሩት ቃል ገብተውለታል። ምስጡ የበላው ጥግ የማይ መስመር ጫፍ ላይ ደርሷል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን አልነገርሁትም። ወረቀት ሰጥቼው ማመልከቻውን አብረን መጻፍ ስንጀምር ብዕሩን አቆመና «አስተማሪ፣ እኛ እኮ ብዙ ነን። ለምን ሁላችንም በአንድ ላይ አንጠይቅም?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው እታለም። በሠላሳ ዓመቴ ቢሆን ተነሥቼ አቅፈው ነበር። ትናንት ግን የማስረዳበት ጉልበት አጣሁና «ስምህን አስተካክለህ ጻፍ፤ አንድ መስመር ብቻ ይሁን» አልሁት። ጻፈ። ኃላፊው እስኪመለሱ ቁጥር ይያዝለት ብለን ሰኞ ይዘን እንሄዳለን።

የጋሽ ጥዑመልሳንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በጸሎታቸው አይርሱኝ። ናዝሬትን ከነልጇ ሳሚልኝ። ታናሻችን ረታ ከመጣ፣ «ወንድምህ ደብዳቤ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቷል፣ አንተስ?» በይው። ለአኬሎ አባቷ ደኅና እንደ ሆነ ንገሪያት፤ ወረቀቷ መገኘቱን በሰው ልኬበት ትናንት ሁለት የደረቀ ዓሣ ልኮልኛል፤ ቃል አልላከም፤ ታርቀናል ማለት ነው። ወረቀቱ እንዴት እንደ ተገኘ ግን አትንገሪያት፤ በቀላሉ የተገኘ ይምሰላት። አንቺም ወገብሽን ጠብቂ፤ እንጨት ሰው ይሸከምልሽ።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ
ዘርአብሩክ

ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1988 ዓ.ም.