ደብዛዛው ፔቱኒያ

የካቲት 4
ስልሳ ቅርጫት የፔቱኒያ አበባ ሰቀልን። ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት በረንዳ የታዘዘ፣ ሁሉም ሐምራዊ። ጫፍ ጫፉን ቀነጠብኩ። ካልተቀነጠበ አንድ ክር ሆኖ ይወርዳል እንጂ አይንዠረገግም። ቅጠሉ ጣት ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ሃያ ዓመት ሠርቼም አልለመድኩትም። ሰሞኑን ደግሞ ጭጋጉ አልገፈፍ ብሏል።

የካቲት 19
ፈነዳ። ምኑ ሐምራዊ ነው? ቡኒ ነገር! ዘሩ ነው የተበላሸው...
ውሃ አጠጪዋ፣ "ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ደማቅ ሐምራዊ እኮ ነው!" አለችኝ። ትናንት የመጣች ልታስተምረኝ! ጮኽኩባት። ሃያውን ቅርጫት በገዛ እጄ ብስባሹ ላይ ደፋሁት።

የካቲት 20
አለቃችን ብስባሹን አይታ ጠራችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ። እስከዚያ ቤትዎ ይረፉ።"
ዓይኔ? ዓይኔ ከጠፋ ምን ልሆን ነው? ከአበባ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝ። ፈራሁ።

የካቲት 23
ለባለቤቴ ነገርኳት።
"እኔማ ካወቅኩ ቆየሁ። ሰው ሰላም ሲልህ ዝም ብለህ ታልፋለህ። ኮራ እያሉ ያሙሃል።"
"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"
"አንተ ይነገርሃል?"
እውነቷን ነው።

የካቲት 26
የዓይን ሞራ ነው አለች ሐኪሟ። በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ያደበዝዛል አለች። ያ ሁሉ ቅርጫት... መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ!

መጋቢት 8
ትናንት አንደኛው ዓይኔ ተሠራ፤ ዛሬ ፋሻው ተፈታ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረባት ያጀበኝ ወንድሜ ነው። ቀጥታ ወደ አበቦቹ ውሰደኝ አልኩት።
የተረፈው አርባ ቅርጫት እንደተሰቀለ ነው። ሐምራዊ! እንዲህ ያለ ቀለም ዓለም ላይ መኖሩን ረስቼው ኖሯል። ውሃ አጠጪዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። "ምንም አይደል ጋሼ" ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ለካ ስቀር የቀነጠበችው እሷ ናት። አቀነጣጠቧ ከእኔ ይሻላል፤ ለራሷ ግን አልነግራትም።
አመሻሹ ላይ ቤት ደረስኩ። ባለቤቴ በሩን ከፈተችልኝ። ክው አልኩ።
"አንቺ... መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"
"ሁለት ዓመት አለፈኝ።" ሳቀች። ስትስቅ ጉንጯ ላይ መስመር አለ። እሱንም አላውቀውም ነበር።
ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አየኋት።
"ምን ያስፈጥጥሃል? ራትህ እየቀዘቀዘ ነው።"
"ይቀዝቀዝ።"