ለቀሚስ ሰፊ የሚሆን ፊደል

ፀሐይነሽ ልጄ፣

ቀበሌ ለሦስት ሰዓት ጠርተውኝ ወጣሁ። እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

የተጠራሁት በሱቄ ታፔላ ነው። ያ በቀይ ቀለም ቀጥ ቀጥ አድርገሽ የጻፍሽው ፊደል ቤቱን የኅብረት ሱቅ አስመስሎታል። ትናንት ሰዉ የስኳር ካርዱን እየያዘ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተሰለፈ። "ኧረ እኔ ቀሚስ ሰፊ ነኝ" ብላቸው አንዷ፣ "ስኳሩን ለዘመድ ደብቀሽ ነው!" ብላ ጮኸችብኝ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ።

አንቺማ ነግረሽኝ ነበር። "እማማ ዘኪያ፣ ይሄ ለመፈክር ነው የሚሆነው። ለቀሚስ ቤት ጋደል ያለው፣ የእጅ ጽሑፍ የሚመስለው ነው የሚያምረው" ስትይኝ፣ "ያንን የሰካራም ፊደልሽን ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላሉት ደንበኞችሽ ካፌዎች ጻፊላቸው" አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ራትሽን ለብቻሽ ነው የምትበዪው።
አይቻለሁ።

ዳቦ በጨርቅ ሸፍኜልሻለሁ፣ ብዪ።

ነጭ ቀለም አልጋዬ ሥር አለ። ታፔላውን ሙሉውን ነጭ ቀቢና ተይው። ማንም መጥቶ ቢጠይቅሽ አንቺ አታውቂም።

ማን ጻፈው ካሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ። መጻፍ እንደምችል እንዲያምኑኝ የመሠረተ ትምህርት ወረቀቴን ይዤአለሁ።

ጋደል ያለውን ፊደልሽን ግን ዛሬ አትጻፊው። ስመለስ ትጽፊልኛለሽ፤ አጠገብሽ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።

ዘኪያ