የመኪናውን በር በትሕትና ለዘጉልን ኢንስፔክተር

ለተከበሩ ኢንስፔክተር ሻርሼንቤክ ካልማቶቭ
የባዛሩ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የወገብዎ ሕመም ተሽሎዎት፣ የደም ግፊትዎ ወርዶ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝና ወንበርዎ ሳይነቃነቅ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለመጠየቅ ቢያስቡ፣ ከመስከረም ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከማጣቴ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ሳይካል ይባላል፤ የሦስተኛ ዓመት የሚዲያ ተማሪ ነኝ። ከፋርማሲው ፎቅ ላይ ወረቀት እያውለበለበች ስትሮጥ የወረደችውን ልጅ ካስታወሱ፣ እኔ ነኝ። መምህራችን አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ተመልካችን የሚያስፈራ አጭር ፊልም ሠርተን እንድናመጣ አዘው ነበር፤ እኔም አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሦስት ጎረምሶች ከመንገድ ጠልፈው መኪና ውስጥ ሲያስገቧት የሚጀምር ታሪክ ጻፍኩ። ተጠላፊዋን ሆና የተወነችው የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ፔሪዛት ናት። ጠላፊዎቹ የክፍላችን ልጆች ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ፣ አዚስ፣ ዶሮ ሲታረድ ማየት የማይችል ልጅ ነው። መንገደኛው ሌንሱ ላይ እያፈጠጠ እንዳያበላሽብን ካሜራውን ፋርማሲው ፎቅ መስኮት ላይ ደበቅኩት፤ ፔሪዛትም ትንሽ የድምፅ መቅጃ ከልብሷ ሥር አሰረች። የዚያን ቀን ጭንቀቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ እውነት መስሎት ልጆቹን ቀጥቅጦ እንዳይገድልብኝ። ስለዚህ «ይህ ፊልም ነው» የሚል ወረቀት በትልልቅ ፊደል አትሜ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ስለ ከተማዬ ያን ያህል ደግ ነገር ማሰቤን ዛሬ ሳስታውሰው በራሴ አፍራለሁ።

ትዕይንቱን አራት ጊዜ ቀረጽነው። ፔሪዛትም አራት ጊዜ «ልቀቁኝ! አላውቃችሁም! የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። በኋላ ቅንብር ክፍል ተቀምጬ ምስሉን ከድምፁ ሳገጣጥም ያየሁትንና የሰማሁትን መሠረት አድርጌ፣ ምስጋና ለሚገባቸው ሁሉ እንደሚከተለው ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

1ኛ፣ በመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ለሚታዩት ነጭ ሻርፕ ለለበሱት አዛውንት እናት። ፔሪዛት የመኪናውን በር ይዛ ስትታገል፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቁ «ተይ በቃ ልጄ፣ አታልቅሺ። ሁላችንም እያለቀስን ነው የገባነው፤ ይኸው ሰባት ወልጄ አለሁ» ሲሏት መቅጃው ጥርት አድርጎ ይዞታል። ከዚያም ሻርፓቸውን አውልቀው ራሷ ላይ ጣል አደረጉላት፤ ነጭ ሻርፕ ራሷ ላይ ያረፈባት ልጅ ደግሞ ጋብቻውን እሺ እንዳለች እንደሚቆጠር ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሻርፑ አሁንም እኛ ዘንድ ስላለ ባለንብረቷ ቢመጡ እንመልስላቸዋለን።

2ኛ፣ ለሐብሐብ ሻጩ። ጋሪውን ከመንገዱ ገፋ አድርጎ «በዚህ በኩል ውጡ ወንድሞቼ፣ ያኛው መንገድ ተቆፍሯል! ሰርጉ ላይ ደግሞ እንዳትረሱኝ!» ብሏል። መንገዱ በእርግጥም ተቆፍሯል፤ እኛ አናውቅም ነበር።

3ኛ፣ በሦስተኛው ቀረጻ ላይ ምንም ላላሉት አርባ አንድ ሰዎች። ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዲት እናት ብቻ የሴት ልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ይዛ እርምጃዋን አፈጠነች፤ እሷስ ፈርታ ነው መሰለኝ፣ አልፈርድባትም።

4ኛ፣ በአራተኛው ላይ የተገኙት ክቡርነትዎ ነዎት። በሥጋ የተሞላ ሳምሳ በአንድ እጅዎ ይዘው ከጥግ ብቅ ሲሉ፣ መስኮቱ ላይ ሆኜ «አበቃ፣ ልጆቹ መታሰራቸው ነው» ብዬ ወረቀቴን አነሳሁ። እርስዎ ግን አዚስን ትከሻውን ይዘው «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት። ሲነግርዎ «አባትህ ያውቃል?» አሉ። የደነገጠው አዚስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «በል እንግዲህ፣ መንገድ አትዝጉ» ብለው፣ ውጭ የቀረውን የፔሪዛትን እግር አጥፈው ወደ ውስጥ አስገቡና፣ እግሯ እንዳይቆነጠጥ ተጠንቅቀው በሩን ዘጉት።

እኔ ወረቀቴን ይዤ ስደርስ ፊትዎ ተለወጠ። «ያለ ፈቃድ በአደባባይ መቅረጽ ወንጀል መሆኑን አታውቂም?» ብለው ስሜን፣ የአባቴን ስምና የማደሪያዬን ቁጥር መዘገቡ። ሴት ልጅ መጥለፍ በሕግ እንደሚያስቀጣ እኔም ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ የትኛው ጥፋት ከየትኛው እንደሚብስ ግን ከእርስዎ ተማርኩ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እስከዚህ ያለው ያስቃል፤ ክፍላችን ውስጥም ተስቆበታል። ከዚህ በታች ያለውን ግን እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ፊልም የሚያቀናብር ሰው ደጋግሞ የቀረጸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተሻለውን ይመርጣል። አራቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ በአራቱም ቀረጻዎች፣ የምስሉ ጥግ ላይ፣ አንዲት ነጭ መኪና ቆማ አየሁ። በመጀመሪያው ሾፌሩ ስልኩን ይነካካል። በሁለተኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጓል። በሦስተኛው ወርዶ መኪናውን ተደግፏል፤ የሚያየው ግን ፔሪዛትን አይደለም። ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ መንገደኞቹን ነው የሚያየው፤ ማን ዞር እንደሚል፣ ማን እንደሚቆም፣ አንድ በአንድ። በአራተኛው ላይ፣ እርስዎ በሩን ሲዘጉ፣ ፈገግ ይላል። ምስሉን እዚያ ላይ አቁሜ መቀጠል አቃተኝ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ፊልም የሠራን መስሎን ለእሱ አራት ጊዜ ልምምድ አሳየነው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነጯ መኪና ማደሪያችን በር ላይ ቆመች። ሰውየው የማደሪያውን ዘበኛ «ያቺ የምትጮኸዋ ልጅ ስሟ ማነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ዘበኛውም ሰው አክባሪ ስለሆነ ነገረው። በማግስቱ ፔሪዛት ዳቦ ገዝታ ስትመለስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አጯጯህሽ ደስ ይላል። የኔ ቀን ሲደርስም እንደዚያው ጩኺ፣ እሺ? ማንም እንደማይመጣ አይተሻል» አላት። ዳቦውን እዚያው ጥላ ሮጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው፤ ወደ ክፍል የምትሄደውም አራት ሴቶች መሐል አስገብተናት ነው፤ እኛም አራታችን እንደ እሷ እንፈራለን።

እርስዎ ዘንድ መጥተን ይህን ሁሉ ነገርንዎት፤ የሰሌዳ ቁጥሩንም ሰጠንዎት። ፔሪዛት እያለቀሰች ስትናገር እርስዎ መስኮቱን፣ ቀጥሎም የቁም ሳጥኑን አናት አዩ፤ ፀጉርዎን በእጅዎ አስተካከሉና «ዛሬ ደግሞ ካሜራውን የት ደበቃችሁት?» ብለው ሳቁ። «ሁለተኛ አታታልሉኝም እናንተ ልጆች። ለቅሶውን ግን ችላበታለች፣ ጎበዝ!» አሏት። ካሜራ እንደሌለ ምዬ ተገዝቼ ስነግርዎ «ነክቷታል?» አሉ። አልነካትም አልኩ። «እንግዲያው ሲነካት ኑ።»

ክቡር ሆይ፣ ፊልም ሲሆን እውነት መሰለዎትና ዝም አሉ፤ እውነት ሲሆን ደግሞ ፊልም መሰለዎትና ዝም አሉ። ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ጩኸት ካለ እንዲያስተምሩን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ ጊዜ ካለን እንለማመደዋለን። መምህራችን በበኩላቸው ፊልሙን አይተው «የመንገደኞቹ ትወና አሳማኝ አይደለም፣ እንዲህ ዝም የሚል ሕዝብ የለም» ብለው ነጥብ ቀንሰውብኛል። በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ልጅቷ አምልጣ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ትድናለች ብዬ ጽፌ ነበር፤ ፔሪዛት ግን «እሱን አልተውንም፣ ፊቴ አይታዘዝልኝም» ስላለች ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ሰው ዛሬውኑ ጠርተው ያነጋግሩት። ምንም ባይቀጡት እንኳ፣ አንድ ሰው እንዳየው ይወቅ።

ሥራዎ ሳይበዛብዎ፣ ሰፈሩም እንደ ወትሮው ጸጥ እንዳለልዎ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ለሹመትዎ፣ ለእርጋታዎና ለጨዋነትዎ ያለኝን የማይነገር አክብሮት እገልጻለሁ፤

በፍርሃት ያልተኛችው ትሑት አመልካችዎ፣
ሳይካል

ግልባጭ፦ በዚህ ከተማ ውስጥ ስልክ ላለው ሰው ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ እንዲህ ባለ ደብዳቤ ላይ የልጅቷን ስም መለወጥ ወግ ስለሆነ እኔም ሌላ ስም ጽፌ ነበር። ፔሪዛት ረቂቁን አንብባ ስሙን ሰረዘችና የራሷን ጻፈችበት። «ተይው፣ ይታወቅ» አለችኝ፤ «ከጠፋሁ ማንን እንደሚፈልጉ ይወቁ።» ስለዚህ ፔሪዛት ቶክቶሱኖቫ፣ ዕድሜ ሃያ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ቀኝ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። እስከ ዛሬ ማክሰኞ ድረስ አልጠፋችም።