እንዲመለሱልኝ የምለምናቸው ሠላሳ ስድስት ስሞች

ቀን፦ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገጠር መሬት ይዞታ አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ነጂባ የሲን
አድራሻ፦ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አፍንጮ በር

ጉዳዩ፦ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ካቀረብነው አቤቱታ ጋር ወደ ወረዳው የተላከው የስም ዝርዝር እንዲመለስና በአጎቴ በሟች ሙሄ ይማም ላይ የተፈጸመው ግድያ እንዲጣራ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እየሰጠሁ የምተዳደር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ ጽፌአለሁ፤ የውርስ፣ የፍቺ፣ የቤት፣ የጡረታ። በራሴ ስም ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከሥርዓት የወጣሁበት ቦታ ቢኖር ክቡርነትዎ ታግሠው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

2. ሟች ሙሄ ይማም የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ወሎ ውስጥ ሾላ ገደል በምትባል ቀበሌ ማሽላና ጤፍ ያርሱ ነበር። የወረዳውን ስም መዝገባችሁ ላይ ስላለ እዚህ አልደግመውም። አባቴ የሞተ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ አጎቴ በየዓመቱ ከመኸር በኋላ አንድ ኩንታል ማሽላ በአውቶቡስ ጣሪያ አስጭነው ይመጡልን ነበር። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። እኔ እንድቆጥር ያደረጉት ግን እርሳቸው ናቸው።

3. በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. የሾላ ገደል ገበሬዎች ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት እንዲወያዩ ተጠርተው፣ በስብሰባው መገኘታቸውን በፊርማና በጣት አሻራ አረጋገጡ። በኅዳር ወር ዶዘር መጥቶ ገና ያልታጨደ ማሽላቸው ውስጥ ገባ። ምነው ሲሉ የወረዳው ሰዎች «መሬቱን ለባለሀብት ለቃችሁ ፈርማችኋል» አሏቸው። ያሳዩአቸው ወረቀት ያው የማዳበሪያው ስብሰባ ወረቀት ሲሆን፣ ከላዩ እነርሱ የማያውቁት ቃለ ጉባኤ ተያይዞበታል። አጎቴ የይዞታ ደብተራቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ዶዘሩ ፊት ቆሙ። አራት ቀን ታሰሩ። ሲፈቱ ከቤት ቤት እየዞሩ ሰው ማሰባሰብ ጀመሩ። የመረጣቸው አልነበረም። ሌላ የሚሄድ ስለጠፋ የሄዱ ሰው ናቸው።

4. በጥር ወር አዲስ አበባ መጥተው እኔ ቤት አረፉ። አቤቱታውን የጻፍነው ሱቄ ውስጥ ነው። ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ ስጽፍ ዋልን። መጨረሻው ላይ ስንደርስ «‹እኛ የሾላ ገደል ገበሬዎች› ብለሽ ዝጊው። ስም አታብዢበት። ስማችን አንድ ጊዜ በልቶናል» አሉኝ። እኔም «አንቱ፣ በስም ካልሆነ መዝገብ ቤት አይቀበልም። ስም፣ አሻራ፣ የደብተር ቁጥር፣ የሚኖሩበት ጎጥ ካልተሟላ ይመልሱናል» አልኳቸው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሥራዬን አውቃለሁ ብዬ ነው።

አጎቴ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጡ። የሠላሳ ሰባት ሰው አሻራ ነበረበት። ምናልባት ቢጠየቅ ብለው ይዘውት መጥተዋል፤ እኔ ባልናገር ግን አያወጡትም ነበር። «እንግዲያው የኔን አንደኛ አድርጊው» አሉኝ። «የሚያነብ ሰው ከላይ ነው የሚጀምር፤ ንዴቱን እኔ ላይ ይወጣው።» እኔ ሳቅኩ። «አንቱ ደግሞ፣ እዚህ ማን ይናደዳል» ብዬ ሻይ አዘዝኩላቸው።

5. ጥር 21 ቀን አቤቱታችንን ጽሕፈት ቤትዎ ተቀብሎ ማኅተም አደረገልን። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «አሁን መንግሥት እጅ ገባን» አሉ። በማግሥቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

6. የካቲት 18 ቀን የወረዳው ኃላፊ ሾላ ገደል ድረስ መጥቶ ሕዝቡን ሰበሰበ። የአጎቴ ልጅ እዚያው ነበረች። ኃላፊው ከቦርሳው ያወጣው ወረቀት እኔ የጻፍኩት አቤቱታ ነበር፤ ከግርጌው ላይ የሱቄ ስም ስላለ አውቃዋለች። «ስሙ የተጠራ ይነሣ» ብሎ ከላይ ጀመረ። አጎቴ ተነሡ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እስከ መጨረሻው። የታመሙ፣ ከቤት የቀሩ ሰዎች ስም ሲጠራ ልጆቻቸው እንዲነሡ ተደረገ። ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ «አዲስ አበባ ድረስ የሄዳችሁበት እግር ይታየኛል» አለና ስብሰባው ተበተነ።

7. የካቲት 24 ቀን፣ በረመዷን ሦስተኛው ቀን፣ አጎቴ ከገበያ ሲመለሱ ወንዙ ማቋረጫ ላይ ሰዎች ጠብቀው ደበደቧቸው። ከብት ውሃ ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች አግኝተው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ልጃቸው ውሃ በኩባያ አቀረበችላቸው። «አዛን አለ?» ብለው ጠየቋት። «አላለም አባ፣ ግን ለታመመ ተፈቅዷል» አለቻቸው። «እንግዲያ ትንሽ ነው የቀረው፣ እንጠብቅ» አሉ። አዛን ከማለቱ በፊት ሞቱ።

8. የወረዳው ፖሊስ «ከገደል ወድቀው ሞቱ» ብሎ መዝግቧል። ገላቸውን ያጠቧቸው ሽማግሌዎች ግን ሁለቱም ክንዶቻቸው ከክርን በታች መሰበራቸውን አይተዋል። ከወንዙ ማቋረጫ እስከ ገበያው ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ገደል ያለው በቀበሌው ስም ላይ ብቻ ነው።

9. ከቀብር መልስ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ አቤቱታችን የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። ስማቸውን የማልጠቅሳቸው አንድ ሠራተኛ ፋይሉን አውጥተው አዩና ወደ እኔ አዞሩልኝ። የካቲት 5 ቀን ለዚያው ለተከሰሰው ወረዳ የተጻፈ መሸኛ ነበር። «ጉዳዩን መርምራችሁ ምላሽ እንድትሰጡበት ከአራት ገጽ የስም ዝርዝር ጋር ልከናል» ይላል። «እንዴት ለራሳቸው?» አልኩ። «አሠራሩ ነው፣ ልጄ። የተከሰሰው መልስ መስጠት አለበት» አሉኝ። መልስ መስጠቱንስ ይስጥ። አራቱ ገጽ ግን ለምን ሄደ? ይህን ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

10. ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሰዎቹን በዝርዝሩ ተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ እገልጻለሁ፤ ስም መጻፍ ፈርቻለሁ። ተራ ቁጥር ሁለት ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፤ የት እንዳለ ሚስቱም አታውቅም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ተደብድቦ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። የተራ ቁጥር ሃያ ሦስት የእህል ጎታ ከነቤቱ ተቃጥሏል። በተወሰደው መሬት ላይ አሁን አጥር ቆሟል።

11. ስለዚህ ክቡርነትዎን እንዲህ ስል እለምናለሁ፦

ሀ. አራቱ ገጽ የስም ዝርዝር በኃላፊነት ተጠርቶ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ እንዲመለስና በሕይወት ያሉት የሠላሳ ስድስት ሰዎች ስም ከማንኛውም ወደ ወረዳው ከሚሄድ ወረቀት እንዲወጣ፤

ለ. የአጎቴ አሟሟት ከወረዳው ውጭ በሆነ አካል እንዲጣራ፤ አስከሬኑ መውጣት ካለበትም ቤተሰቡ ተስማምቷል፤

ሐ. ይህ ማመልከቻዬ ለዚያው ወረዳ እንዳይመራ። የሚጠየቅ ነገር ካለ እኔ ጋር ይደወል። በእግሬ መጥቼ በአፌ እናገራለሁ።

12. ይህን ከመጻፌ በፊት የሰዎቹን ፈቃድ ማግኘት ስለነበረብኝ ባለፈው ሳምንት ሾላ ገደል ሄጄ ነበር። ሠላሳ አምስቱን ራሳቸውን ወይም ቤተሰባቸውን አነጋገርኩ፤ ስማችን ይውጣልን አሉ። አንዳንዶቹ ይህን ሲሉኝ አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔም አብሬአቸው መሬት አየሁ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት የሆኑት ባልቴት ግን «የኔን እንዳትነኪው» አሉኝ። «ስሜ ከወጣ መሬቱን ለቀቅሁ ማለት ነው። ባሌም ልጄም እዚያው ነው የተቀበሩት።» ስለዚህ በርእሴና በፊደል ሀ ላይ የጻፍኩት ሠላሳ ስድስት፣ እርሳቸው ቢሰሙ የሚቆጡበት ቁጥር ነው። አውቄ ተውኩት። እርሳቸውም እንዲተርፉ ስለምፈልግ ነው።

13. ልሄድ ስል የአጎቴ ልጅ አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። «ያባቴ ቦታ ባዶ አይሁን፣ አንደኛ ላይ የኔን አስገቢ» አለችኝ። ስሟን ከነአባቷ፣ የደብተሩን ቁጥር፣ ጎጧን ቀስ እያለች ነገረችኝ፤ ጸሐፊ ስለሆንኩ የምጽፍላት መስሏት። አውቶቡሱ ተነሣ። ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጣለሁ። ሥራዬ ስም መጻፍ ነው፤ የእርሷን ግን እጄ እምቢ ብሎኛል። ነገ ደውላ «ጻፍሽው ወይ?» ብትለኝ ምን እንደምላት ክቡርነትዎ ይንገሩኝ።

ከአክብሮትና ከኀዘን ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ነጂባ የሲን