ሴት ቡችላ ከመንደር ያወጡት አባታችን፣ አንስለም ሱሬት

አባታችን አንስለም ሱሬት እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1921 ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአባታቸው ከሬሚ ሱሬትና ከእናታቸው ከኦዲል ሙዊዝ በዚሁ በኖቫ ስኮሺያ ወደባችን ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ሎብስተር የሚባለውን ባለ ትልቅ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ወደ ማጥመድ ገቡ።

መንደራችን የሚታወቅበትን ቀይ የዳክዬ አደን ውሻ ያወረሷቸው አባታቸው ናቸው። ቀበሮ ባሕር ዳር ሲቦርቅ ዳክዬ ጉዱን ለማየት ይጠጋል። የጥንቶቹ ይህን አይተው፣ አዳኝ ውሻን ከበግ ጠባቂና ከሌሎችም አዳቅለው፣ ቀበሮ የመሰለ፣ የጅራቱ ጫፍ ነጭ የሆነ ውሻ አወጡ። አዳኙ ተደብቆ እንጨት ይወረውራል፤ ውሻው ሳይጮኽ እየዘለለ ያመጣል፤ ዳክዬው ይቀርባል። ከተተኮሰም በኋላ የወደቀውን ዋኝቶ የሚያመጣው እሱው ነው። ሌላ ሰው ይህን ዘር እንዳያገኝ ሲባል ሴት ቡችላ ከመንደራችን አትወጣም ነበር።

በ1949 እናታችንን ኤልሚር ዱሴትን አገቡ። በ1953 ግን ደንቡን ጥሰው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቡችላ በመሀል አገር ለሚኖሩት ለእናታችን ወንድም ለዞኤል ሰጡ። አያታችን ሬሚ አኮረፏቸው። ዓሣ ከጀልባ በሚወርድበት የወደቡ መድረክ ላይም የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች፣ «አንስለም፣ ሚስትህንስ መቼ ነው የምትሰጠው?» ይሏቸው ነበር። አባታችንም «እሷ መሄድ ካሰኛት እኔን አታስፈቅድም» ብለው መረባቸውን ይጠቀልሉ ነበር።

በ1955 መከር የውሻ በሽታ ገባ። ውሾቹ ሁሉ ዘመዳሞች፣ ሁሉም እዚሁ ነበሩ። አንድም አልተረፈም። አያታችን የራሳቸውን ቀብረው፣ ካኮረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በራችን ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም።

«የዞኤል ውሻ ወልዳለች?»

«ወልዳለች፣ አባባ።»

«በል፣ መኪናህን አስነሳ።»

ዛሬ በመንደራችን ያሉት ቀይ ውሾች በሙሉ በዚያ ቀን ከመጡት ቡችሎች የተገኙ ናቸው። አባታችን ከዚያ በኋላ ለጠየቃቸው ሁሉ ሰጡ። ውሾቻቸው በውድድር ያገኙትን ሪባን እናታችን መጋረጃ ያስሩበት ነበር። ስለ በሽታው ዘመን ስንጠይቃቸው፣ «መጥፎ መከር ነበር» ብቻ ይሉ ነበር።

እናታችን በ1998 አረፉ። አባታችን ሳንባቸውን ታመው ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2004 በተወለዱ በ82 ዓመታቸው፣ በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ሁለት ሴት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማዕበል በማይደርስበት ዳርቻ ያሳርፍልን።

ውሻቸው ሮዜት እኔ ቤት ናት። ባረፉ በማግሥቱ፣ እሳቸው በሰጧቸው ቀጠሮ መሠረት ከሩቅ አገር ሰዎች መጥተው ከወለደቻቸው አንዷን ሴት ቡችላ ወስደዋል።