ግሌን ወንበር ላይ ያስዘፈነ ዕለት

አዮዋ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2016

ውድ እማዬ፣

ዳሌሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ሸክም እንደከለከለሽ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ድንቹን ከገበያ ራስሽ መሸከምሽን እንዳልተውሽ ግን ጎረቤትሽ ጽፋልኛለች። እኔ ደኅና ነኝ። በቆሎው ታጭዶ አልቋል፤ አሁን በመስኮት የሚታይ ምንም ነገር የለም፣ ይህም ከበቆሎው ይሻላል።

የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኛለሁ። ከፊቱ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ለጥፈውበታል፤ ቢሆንም ወንበሩ ያው ወንበር ነው።

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ግሌን ታስከር በርሽን ሳያንኳኳ አይቀርም። ያ ልጅ ሳለን ከወጥ ቤታችን የማይጠፋው፣ «አክስት ሞሪን፣ ሆምጣጤ ጨምሪበት» እያለ የኔን የድንች ጥብስ የሚጨርሰው ግሌን። እሱ የሚያውቀውን ይነግርሻል። የማያውቀውን እኔ ልንገርሽ።

የከተማችን የግሪምስቢ ክለብ ሁለታችንንም «አትሆኑንም» ብሎ ያሰናበተን ሰሞን፣ ከካሮላይና አንድ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ለአንድ ሰው የሚሆን ነጻ ትምህርት ይዞ መጥቶ ነበር። በዝናብ ተጫወትንለት። እኔ ሁለት ጎል አገባሁ፣ ግሌን አንድ። የተወሰደው ግሌን ነው። አንቺም «ዕድል ነው፣ ልጄ» ብለሽ ሻይ አፈላሽልኝ። ዕድል አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ያው ሰውዬ በአሠልጣኞች ስብሰባ ላይ ቢራውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ጓደኛህ እኮ ነው ጉልበቱ ተበልቷል፣ ዓመት አይቆይልህም ያለኝ» አለኝ። ጉልበቴ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግለኛል።

እኔን በዓመቱ ይህ በበቆሎ መሃል የተተከለ ኮሌጅ ግማሹን ክፍያ ችሎ ወሰደኝ። ተጫወትኩ፣ ተመረቅሁ፣ ረዳት አሠልጣኝ ሆንኩ። ኳስ ነፋሁ፣ አውቶቡስ ነዳሁ፣ እንደኛ የተባረሩ የእንግሊዝ ልጆችን ከየክለቡ ደጃፍ እየለቀምኩ አመጣሁ። ትሬሲን አግብቼ ፈታሁ፤ ከዚያ ትዳር የተረፈኝ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። በጁን ዋናው አሠልጣኝ ጡረታ ሲወጡ ተራዬ ደረሰ ብዬ አዲስ ክራባት ገዛሁ። ኮሌጁ ግን «ሰፊ ልምድ ያለው ሰው» አመጣ። ግሌንን። ፀሐይ የላጠው አፍንጫውን፣ ሚስቱን ዶናንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ከካሮላይና መጣ።

አቅፎኝ፣ «ክሬግ፣ ወንድሜ፣ እንደ ድሯችን አንድ ላይ» አለኝ።

«እንደ ድሯችን» አልኩት። ከልቤ ነበር።

እዚህ አገር አዲስ ተጫዋችን ለቀልድ እንኳ ማሸማቀቅ በኮሌጅ ክልክል ነው። አምና የውኃ ዋና ቡድኑ ልጆች አንዱን አዲስ መጪ በረዶ ላይ አስተኝተው ሆስፒታል ካስገቡት ወዲህ፣ የኛ ኮሌጅ በዚህ ነገር ምሕረት አያውቅም። ደንቡን በየኦገስቱ ለተጫዋቾቹ የማነበው እኔ ነኝ። ግሌን የደረሰው ካነበብኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ደግሞ የሠራው እንግሊዛውያን በከፈቱት የታዳጊዎች ክለብ ስለሆነ፣ ካሮላይና ይኑር እንጂ ልማዱ ከግሪምስቢ አልወጣም ነበር። «እዚህ ቤት ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከጂምናዚየሙ ጀርባ መኪና እንዳያቆም፣ ጎትተው እንደሚወስዱበት ነገርኩት። አመሰገነኝ።

በኛ አገር ክለቦች አዲስ የመጣ ሁሉ እራት ላይ ወንበር ላይ ወጥቶ እንደሚዘፍን ታውቂያለሽ። የኔ ተራ ሲደርስ ድምፄ ጠፍቶ ስንቀጠቀጥ፣ ግሌን ሳይጠራ አጠገቤ ወጥቶ አብሮኝ እንደጮኸም ታውቂያለሽ፤ ያኔውኑ ነግሬሻለሁ። ይህን ያነሳሁት ታሪኩ እንዳይጎድል ነው።

በመጀመሪያው የቡድን እራት ግሌን ብርጭቆውን በማንኪያ መታ መታ አደረገ። «አዲሶቹ ተነሡ። በኔ ቡድን ያልዘፈነ አይሰለፍም» አለ። ለአርአያነት ራሱ ቀድሞ ዘፈነ፤ ድምፁ አልተሻሻለም። ቀጥሎ ብራድሊ የሚባለውን የኦማሃ ልጅ አወጣው። ልጁ ሌላ ዘፈን ጠፍቶበት የአገሩን መዝሙር ጀመረ። አሜሪካኖቹ በሙሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ፤ እንግሊዞቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋበትና ፊቱ ፍም መስሎ ወርዶ ወጣ። ግሌን ወደኔ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዶሮዬን በላሁ።

በማግስቱ ያየሁትን ጽፌ ለሚመለከተው ቢሮ ሰጠሁ። የጠቋሚ ስም አይወጣም። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ እሱ በውሸት ያደረገኝን እኔ በእውነት አደረግሁት። ሲጠሩት «ምን አለበት፣ እኔም እኮ ዘፍኛለሁ» አላቸው፤ ይህን እንደ ሁለተኛ ጥፋት ያዙበት። ብራድሊ ራሱ ሊመሰክርለት መጥቶ፣ እንዳልተከፋና የወጣው ሽንቱ መጥቶበት እንደሆነ አስረዳ። አልሰሙትም።

ተባረረ። የሥራ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ስለነበር ቤቱን ቀለሙ ሳይደርቅ ሸጡት፤ ዶናና ልጆቹ ቀድመው ወደ ግሪምስቢ ሄዱ። ትንሿ ልጅ የምታወራው እንደ ካሮላይና ሰው ነው፤ እዚያ ሰፈር ትምህርት ቤት ምን ብለው እንደሚያሾፉባት መገመት አያቅትሽም። እማዬ፣ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያረገዝኩትን ቂም በሰላም ተገላገልኩ።

ትናንት አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚያደርሰው ሰው አልነበረውም። በር ላይ የምነግረው ነገር አዘጋጅቼ ነበር። «የጠቆምኩህ እኔ ነኝ፤ ይህ ለጉልበቴ ነው።» የተበቀሉት ሰው ካላወቀው በቀል ምን ያደርጋል? ሻንጣውን አውርጄ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ክሬግ፣ ለዚያ ለካሮላይናው ሰውዬ ጉልበትህ ተበልቷል ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሁለተኛዋን ስታገባ አይቼ ፈራሁ። እዚህ ስመጣም ልነግርህ ነበር፤ ወኔ አጣሁ። ይቅር በለኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ይህ ግን ወግቶም አልረሳም፤ ማስታወሱን እንኳ ለኔ ብቻ አልተወልኝም።

ድሮ እንደረሳሁት ነገርኩት። አለቀሰ። ከሁሉም አጠገቡ የቆምኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነግሮኝ፣ አቅፎኝ ገባ። ያዘጋጀሁት ንግግር እጄ ላይ ቀረ። ከእንግዲህ ብናገረው በቀል መሆኑ ቀርቶ ይቅርታ መጠየቅ ይሆንብኛል። እኔ ደግሞ እሱን ይቅርታ አልጠይቅም። የጀመረው እሱ ነው።

ቤት እስኪያገኙ ድረስ የኔን ክፍል ስጫቸው፤ ማሞቂያው አሁንም ካስቸገረ ግሌን መጠገን ያውቅበታል። የጠቆመበት ማን እንደሆነ አሁንም ያብሰለስለዋል፤ አንቺንም ሳይጠይቅሽ አይቀርም። አንቺ ደግሞ መዋሸት አይሆንልሽም። እንግዲህ ለኔ ብለሽ ለመደበቅ አትጨነቂ።

እግዜር ዳሌሽን ይማርልሽ፤ ከዚያ ከሰሜን ባሕር ነፋስም ይሸሽግሽ።

ልጅሽ
ክሬግ